ቲሸርቴ ላይ ያለው አውሮፕላን

ባለፈው በባጃጅ ወደ ሳቢያን ስሄድ፣ ደመና ሰንጥቆ የሚወጣ የጦር አውሮፕላን የታተመበት ቲሸርት ለብሼ ነበር። አጠገቤ አንድ አዛውንትና ባለቤታቸው ተቀምጠዋል። ሴትየዋ ዓይናቸውን ከደረቴ ላይ አልነቅል ሲሉ አፍሬ እጄን አጣጠፍኩ።

«እጅህን አንሳ እስቲ ልጄ» አሉኝና አውሮፕላኑን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ከዚያ ወደ ባላቸው ዞረው፣ «ያንተው አይደል?» አሏቸው።

«ወላሂ፣ እሱው ነው!» አሉ አዛውንቱ።

«አብራሪ ነበሩ እንዴ አባባ?»

«ነበርኩ። ልምምድ ላይ እሳት ተነሳበትና ሐርላ ላይ በጃንጥላ ዘለልኩ።»

«ከዚያስ?» አልኩ።

የመለሱልኝ ሚስትየው ናቸው።

«እኔ ያኔ እዚያ ፍየል እጠብቅ ነበር። ከሰማይ መጥቶ መሃላችን ዱብ አለ። ፍየሎቹ ሸሹ፤ እኔ ቀረሁ።»