ምሰሶና ቀለም

እንግሊዝኛ በማስተማር ጥርሷን የነቀለች መምህርት ነበረች። ጠረጴዛ የምትጋራትና «እህቴ» የምትላት የልብ ጓደኛም ነበረቻት። ጓደኛዋ ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ ተማሪዎቿ «ሂምሰልፍ» የሚለው ቃል ላይ ተተከሉባት።

«አንዳንዴ የግድ ነው፣ አንዳንዴ ትርፍ ነው። በምን ላስረዳቸው?» አለች ጨንቋት።

«ቃሉን አውጪውና እዪ» አለቻት መምህርቷ። «‹ዘ ዳይሬክተር ሂምሰልፍ ኦፕንድ ዘ ዶር›፣ ዳይሬክተሩ ራሱ በሩን ከፈተ። ሂምሰልፍን ብታወጪው ቤቱ አይፈርስም፤ ቀለም ነው፣ ማድመቂያ። ‹ሂ ከት ሂምሰልፍ› ላይ ግን ምሰሶ ነው፤ ብትነቅዪው ማንን እንደቆረጠ አይታወቅም። ከዚያ ‹ራሱን ቆረጠ› ብለሽ ተርጉሚና ‹ጭንቅላቱን ነው እንዴ?› በያቸው፤ ክፍሉ በሳቅ ያልቃል።»

ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

በዓመቱ፣ ከየትምህርት ቤቱ የመጡ መምህራን በሞሉት አዳራሽ ጓደኛዋ መድረክ ላይ ወጣች። ምሰሶውን ተናገረች፣ ቀለሙን ተናገረች። መምህርቷ «አሁን ስሜን ትጠራለች» ብላ ወንበር ሥር ያወለቀችውን ነጠላ ጫማዋን ፈልጋ አጠለቀች፤ ተነሺ ቢሏት ባዶ እግሯን እንዳትቆም። «ጭንቅላቱን ነው እንዴ?» ሲባል አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

«ይህን ዘዴ ከየት አገኘሽው?» አላት ሰብሳቢው።

ጓደኛዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አይ ማይሰልፍ ክሪኤትድ ኢት» አለች። እኔው ራሴ ፈጠርኩት።

መምህርቷ ክው አለች። ሰዋስዉ እንኳ እንከን አይወጣለትም ነበር።

ኮሪደር ላይ ጠብቃ ያዘቻት። «ስሜን ብትጠሪ ምን ይጎድልብሽ ነበር?»

«ኧረ በናትሽ! ለዚህ ለዚህ? ዞሮ ዞሮ የሚጠቀመው ተማሪው አይደል?»

«ቀልዴን እንኳ አላስተረፍሽልኝም።»

«አንቺ እኮ መድረክ ትፈሪያለሽ። እኔ ባልናገረው እዚያው ክፍልሽ ውስጥ ይቀር ነበር።»

ይህ ከስርቆቱ በላይ አንገበገባት፤ ግማሹ እውነት ነበራ። ያጎረሰ እጇ ተነከሰ። ለትምህርት ቤታቸው ዳይሬክተር ብትነግረው «በእህትማማቾች መሃል እኔ ምን አገባኝ» ብሎ ሳቀባት።

ጓደኛዋ በዚያው ዘዴ ተመርጣ የመምህራን አሠልጣኝ ሆና ሄደች። ብዙም ሳይቆይ ዳይሬክተሩ መምህርቷን ጠራት። «ለሥልጠና መርጬሻለሁ። የምታስተምራችሁ ጓደኛሽ ናት፤ ደስ አይልም?»

«አልሄድም።»

«እንዴ! ሰው መማር ይንቃል?» አለና በእሷ ቦታ ሌላ መምህር ላከ።

ሁለቱ ሴቶች ሆድና ጀርባ ሆነው ቀሩ። መንገድ ላይ ሲገጣጠሙ ጓደኛዋ ስልኳን ታወጣለች፤ መምህርቷ ግን ቀና ብላ፣ ዓይን ዓይኗን እያየች ታልፋታለች።