ለቄሱ ቤት የላክሁት መልኬ

ይድረስ ለውድ እናቴ ለወይዘሮ የሺ፣ ለአባቴ ለአቶ ሙላት፣ ሽማግሌ ሆነው ለደከሙልኝ ለአጎቴ ለጋሼ ተገኘ፣ ለአክስቴ ለእትዬ ጥሩ፣ ይህንን ከስልኳ እያነበበች ለምታሰማችሁ ለእኅቴ ለብርቄ፣ ለትንሹ ለአበጀም ጭምር... እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁና ከመተማ ሙቀት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ሌሎቻችሁ የገጼ ተከታዮችም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ፤ የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አጎቴ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሆነው አንዲት ልጅ ሊጠይቁልኝ ሄደው ነበር። ስሟን እዚህ አልጠራም፤ አባቷ ቄስ ናቸው፣ ይኸው ይበቃል። ቄሱ «ልጁ ቆላ ከወረደ ቆየ፤ መልኩንም ረስተነዋል» ቢሉ ጊዜ፣ ፎቶ መላክማ የማንም ሥራ ነው ብዬ በገዛ እጄ የሣልሁትን መልኬን ላክሁላቸው። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥሁ የሰሊጥ አራሚ ብሆንም፣ የእጅ ሙያ እየተማርሁ መሆኔን እንዲያዩልኝ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሆነ... መልስ የለም። ለአጎቴ ስደውል ስለ ዝናቡ ይጠይቁኝና ይዘጉታል።

ትናንት ቀትር ላይ ግን ምክንያቱን ያገኘሁት ይመስለኛል።

ኮኪት አጠገብ ባለው እርሻ ምሳችንን በልተን ከሸራው ጥላ ሥር ዐረፍ ብለን ነበር። አለቃችን ካቦ ደምሌ የጎጃም ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ድቁና ተቀብለዋል። የውኃውን በርሜል ተደግፈው ማሳውን አሻግረው ሲያዩ ደብተሬን አወጣሁና ሣልኋቸው። የሣልኋቸው ከጎን ነው። ግንባር፣ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ አገጭ... መሥመሩ ሳይቋረጥ ሲወርድ ደስ ይላል። እውነቱን ለመናገር ከፊት መሣል አልችልም። የምማረው ከስልክ ቪዲዮ ነው፤ አስተማሪው ከፊት የሚታይ አፍንጫ ላይ በደረሰ ቁጥር ኔትወርኩ ይጠፋል።

«እስቲ አምጣው» አሉኝ።

ደብተሩን ተቀበሉኝ። ገልበጥ አድርገውም የወረቀቱን ጀርባ አዩ።

«ሌላው ዓይኔስ?»

«በዚያ በኩል ነው አያ ደምሌ... ከጎን ስለሆኑ አይታይም እንጂ አለ።»

«አለ ትለኛለህ? በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ባንድ ዓይን የሚሣለው ማን ነው? አላየህም?»

«አላስተዋልሁም...»

«ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ነው የሚያይህ። ባንድ ዓይን፣ በጎኑ የሚሣለው ሰይጣን ነው፤ ይሁዳ ነው፤ ጌታን የገረፈው ወታደር ነው! እኔ ማንን ገረፍሁ?»

«በምላስዎ እኛን!» አለ አስማረ፣ ሸራው ሥር ጎኔ የሚተኛው የጎንደር ልጅ።

ሁሉም ሳቀ። እኔ ግን ደብተሩን ተቀብዬ ሥዕሉን ደግሜ አየሁት። ለቄሱ የላክሁት መልኬም ከጎን ነበራ! አስማረ ራሱ ከጎን ካነሣኝ ፎቶ ላይ እያየሁ፣ አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮ፣ ሹል አገጭ አድርጌ... ከሥሩም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ልጅዎን የሚጠይቅዎት» ብዬ ጽፌበታለሁ።

ይህንን ስነግራቸው አያ ደምሌ አማተቡ።

«ለቄስ? ባንድ ዓይን?»

«አይዞህ ወንድሜ» አለ አስማረ፤ «ጥፋቱ ያንተ ነው፤ ግማሽ ሙሽራ ልከህ ሙሉ ሚስት ትጠብቃለህ?»

አያ ደምሌ ግን አልሳቁም። ብድግ ብለው በክንዴ ይዘው ወሰዱኝና ከትራክተሩ ስፖኪዮ መስታወት ፊት አቆሙኝ። «እዚያ ውስጥ እያየህ ሣል! ፊት ለፊት!»

ሣልሁ። የስልኩ አስተማሪ ዓይን ከራስ ቁመት እኩሌታ ላይ ይውላል ይላል፤ አያ ደምሌ ደግሞ «ትልቅ አርገው፤ አሁንም ትልቅ!» ይላሉ። አስማረ ዝንቡን እያባረረልኝ፣ «ይሄ ጆሮ ያንተ አይደለም፤ አሳምረኸዋል» ይለኛል። ለሥራ የተጠራው ሰው ሁሉ ማሳውን ትቶ ከበበኝ። ዓይኖቼ እንደ መልአክ ዓይን ተልቀው ወጡ። አፍንጫው ግን... ሦስት ጊዜ ሣልሁ፣ ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። በአራተኛው ወረቀቱ ሊቀደድ ደረሰ።

አያ ደምሌ ደብተሩን አርቀው ይዘው መረመሩት።

«አፍንጫህን የት አደረስኸው?»

«አልሆነልኝም አያ።»

«ተወው። ቄስ አፍንጫ አይቆጥሩም።»

ሥዕሉ ዛሬ ጠዋት ወደ ጎንደር በሚወጣ ሾፌር እጅ ተልኳል፤ እናንተ ዘንድ እስኪደርስ ሳምንት ሳይፈጅ አይቀርም። ጋሼ ተገኘ፣ እባክዎ እስከዚያ ድረስ ቄሱ ቤት ብቅ ይበሉና የፊተኛው ሥዕል ጥፋት የእጄ እንጂ የጠባዬ አለመሆኑን ያስረዱልኝ። እሺም ብለው እንደሆነ፣ እምቢም ብለው እንደሆነ፣ ቁርጡን ሳትደብቁ በዚሁ በስልክ ቶሎ መልሱልኝ። ብርቄ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢው።

የአገሬ ልጆች ሆይ፣ የምታውቁኝ ሁሉ... ሁለት ዓይን እንዳለኝ ኮሜንት ላይ መስክሩልኝ።