የፍልሰታው ፓይክ

ራንድል በምትባል ትንሽ ከተማ ካለ የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ ገብቼ፣ ማስኪ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ላጠምድ ነው ስለው ሻጩ «ለጀማሪ ይከብዳል» አለኝ። በእጄ የያዝኩት፣ መንጠቆ ላይ የሚሰካ የጎማ ዓሣ ሽታ ግን ወደ ዘጠኝ ዓመቴ ወሰደኝ።

ፍልሰታ ነበር። ያኔ ከምንኖርባት ከካልጋሪ ወጣ ብሎ ካለ ሐይቅ ዳር አባዬ ማጥመድ ሲያስተምረኝ፣ ጎረቤታችን ጋሼ መኮንን «ሴት ልጅና መንጠቆ ምን አገናኛቸው?» ይላሉ።

አባዬ ጎንበስ ብሎ፣ «መንጠቆውን ስትስቢ እግርሽ ሥር እስኪደርስ ከውሃው አታውጪው። ዓሣው ሳታዪው እየተከተለሽ ይሆናል» አለኝ። በደንብ አልገባኝም፤ ግን አልቸኮልኩም። እግሬ ሥር ሲደርስ ፓይክ የሚሉት አንድ ጥርሳም ዓሣ ላፍ አደረገው።

ጋሼ መኮንን ፈጠን ብለው፣ «ፍሪዘር ይግባ! ለጾሙ ፍቺ እንበላዋለን» አሉ።

«ሴት ልጅ የያዘችውን ይበላሉ እንዴ?» ብዬ ውሃው ውስጥ ለቀቅኩት።

ሻጩ አሁንም መልሴን ይጠብቃል።

«ትልቁን የጎማ ዓሣ ስጠኝ» አልኩት።