አሥራ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የማሽላ መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የቀረው ፍሬ ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር እግር ሥር ይንኮሻኮሻል። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ከረፋዱ ጀምሮ አየሩ ይከብዳል፤ ወደ አርባ የምንጠጋ ሰዎች በየተራ በሩ ሥር ባለችው ክፍተት አፍንጫችንን አስጠግተን እንተነፍስ ነበር።

የያዙኝ ከሥራ ቦታዬ ነው። ከጭሮ ወደ ሂርና የሚሄደውን የስልክና የኢንተርኔት ፋይበር መስመር ከሚጠግኑት ሁለት ቴክኒሻኖች አንዱ ነበርኩ። ጊዜው መንገድ በየሳምንቱ የሚዘጋበት፣ በየኬላው ወታደር የቆመበት ነበር። አንድ ቀን መስመሩ ጠፋ። እኔ ሚኤሶ በኩል ሌላ ጥገና ላይ ስለነበርኩ ከሌላ ከተማ የመጣ ባለሙያ ለክቶ ሄደ። በማግስቱ ስመለስ ሲቪል የለበሰ አንድ ሹም ጠረጴዛዬ ላይ የልኬቱን ወረቀት ዘርግቶ ጠበቀኝ።

“ገመዱ አሥራ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ተቆርጧል” አለኝ። “ቆራጩንም ይዘናል። አንተ ባለሙያ ነህ፤ አረጋግጥና ፈርም።”

መሣሪያችን በገመዱ ውስጥ ብርሃን ይልካል። ገመዱ የተሰበረበት ወይም ያልገጠመበት ቦታ ላይ ብርሃኑ በከፊል ተመልሶ ይመጣል። መሣሪያው የተመለሰበትን ጊዜ ቆጥሮ ርቀቱን ያሰላል፤ ወረቀቱ ላይም እንደ እሾህ የቆመ መስመር ይሥላል። በዚያ ወረቀት ላይ ሁለት እሾሆች ነበሩ። ረጅሙ ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ አጭሩ አሥራ ስምንተኛው ላይ። ልክ እጥፉ። ይህን ዓይነቱን ከዚያ በፊት አይቼዋለሁ።

“ጌታዬ፣ ችግሩ ያለው ዘጠነኛው ላይ ነው። ይሄ ሁለተኛው የእሱ ነጸብራቅ ነው። ብርሃኑ ተመልሶ መጥቶ መነሻው ላይ ቆሻሻ ስላገኘ፣ እንደገና ሄዶ ተመልሷል። መሣሪያው የሁለት ጉዞ ጊዜ ስለቆጠረ ሩቅ መሰለው።”

ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። “ሰውየውን ከነመሬቱ ይዘን አንተ ነጸብራቅ ትለኛለህ?”

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መጋዘኑ ውስጥ ነበርኩ።

ሦስተኛው ቀን ላይ በሩ አጠገብ የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ አናገሩኝ። ውሃ ስለማይበቃን ለሶላት ግድግዳውን በመዳፋቸው ነክተው ፊታቸውንና እጃቸውን ነበር የሚያብሱት።

“አንተን በምን አመጡህ?”

“በፋይበር ገመድ ነው፣ አባቴ።”

ድምፅ ሳያወጡ ሳቁ። “እኔንም በሱ ነው። ወላሂ፣ ያ ገመድ ጥቁር ይሁን ቀይ አላውቅም። በጫት ማሳዬ ዳር ሲቀብሩት ብቻ አየሁ። መኪና መጣና ‘ይሄ መሬት የማን ነው?’ አሉ። የኔ ነው አልኩ። የኔን መሬት የኔ አይደለም ልበል?”

ወረቀቱ ላይ ያየሁት አጭር እሾህ ከፊቴ ተቀምጦ ያናግረኛል። ዓርብ ዕለት ወደ ሩቅ እስር ቤት እንደሚወስዷቸው ተነግሯቸው ነበር፤ ባለቤታቸው ደግሞ ታማሚ ናቸው።

“አባቴ፣ ገደል ፊት ቆመው ሰው ተጣርተው ያውቃሉ?”

“ስንት ጊዜ!”

“የሚጠሩት አንዴ ነው። ድምፁ ግን?”

“የኛ ጋራ ሁለቴ ይመልሳል። ሲመቸው ሦስቴ።”

“እንግዲህ አንዱ ሁለተኛውን ድምፅ ሰምቶ፣ ከማዶ ሌላ ሰው አለ ብሎ ሊይዘው ቢሄድስ?”

ቀስ ብለው “ያ ሰውዬ እኔ ነኛ” አሉ። ወደ እኔ ጠጋ ብለው ደግሞ “ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄን ለነሱ ነገርካቸው?”

“ነግሬያቸዋለሁ።”

“ድገምላቸው።”

ሐሙስ ጠዋት ሹሙ አስጠራኝ። ያው ወረቀት፣ በላዩ ብዕር። “ፈርምና ቤትህ ግባ። ሚስትህ ውጭ በሩ ላይ ቆማለች።”

ብዕሩን አየሁት፤ ደግሜም አየሁት። አላየሁትም ብዬ አልዋሽም። ሚስቴ ያመጣችውን የምሳ ዕቃ ወታደሩ ሲከፍተው ሽታው እስከ እኔ ድረስ መጥቶ ነበር።

“መስመሩ ሠራ ወይ?” ብዬ ጠየቅኩት።

ወረቀቱን ገለበጠው። አሥራ ስምንተኛው ላይ ሁለት ቀን ሙሉ አስቆፍሮ ጤነኛ ገመድ እንዳገኘ፣ አለቆቹም እንደሚጨቀጭቁት የሰማሁት በኋላ ነው።

“እርስዎ ቆመው እያዩ ልለካ። ሐሰት ከተናገርኩ እፈርማለሁ።”

እጄ በካቴና ታስሮ ቢሮዬ ወሰዱኝ። የመሣሪያውን ኮኔክተር፣ ገመዱ የሚሰካበትን ጫፍ፣ በማጉያ አየሁት፤ የጣት ቅባት እንደ ጉም ጋርዶታል። በአልኮልና ክር በማያወጣ ጨርቅ ጠረግሁት። ካቴናው ጠረጴዛውን ይመታ ስለነበር ወታደሩ ሳይታዘዝ ሰንሰለቱን ያዘልኝ። ለካሁ። ዘጠነኛው ላይ ያለው እሾህ እንደቆመ ነው፤ አሥራ ስምንተኛው ላይ ምንም የለም።

“የት ሄደ?” አለ ሹሙ።

“መጀመሪያም አልነበረም።”

በመኪና ወጣን። ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ የመሥሪያ ቤታችን ትንሽ የብሎኬት ቤት አለች። የገመድ ሳጥኑን ስከፍት አንዱ ኮኔክተር ከመቀመጫው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ሰው ይንካው፣ አይጥ ይጎትተው አላውቅም፤ አይጥ እንዳለ ግን ኩሱ ይመሰክር ነበር። ጠርጌ፣ ቀጭ እስኪል ገፍቼ መለስኩት። ጥቂት ቆይቶ ወታደሩ በያዘው ሬዲዮ “መስመሩ ተነሣ” የሚል ድምፅ መጣ።

ቢሮ ስንመለስ ሹሙ አዲስ ወረቀት ጻፈ። “ብልሽቱ ተጠግኗል” ይላል፤ በቃ። ስለ ሽማግሌው አንድ ቃል የለበትም። ብዕሩን ሰጠኝ። በታሰረው እጄ ከሥሩ ጨመርኩበት፦ “አሥራ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የተቆረጠ ገመድ የለም፤ አልነበረምም።” ከዚያ ፈረምኩ።

“ይሄን ጻፍ ያለህ ማነው?”

“ባለሙያ ነህ ብለውኝ የለ?”

መጋዘኑ ውስጥ የሆነውን ሁሉ ከነገርኳቸው በኋላ ሽማግሌው በዚያው ቀን ማታ ተለቀቁ። እኔ አምስት ወር ቆየሁ፤ ሹም በመናቅ ነው ተባለ። ክስ የሚባል ነገር ግን አላየሁም፤ በቃል እንደገባሁ በቃል ወጣሁ።

ከተፈታሁ በኋላ በሂርና ሚኒባስ ሄጄ ማሳቸው አጠገብ ወረድኩ። ጫት እየቀነጠቡ አገኘኋቸው። ስለ መጋዘኑ አላነሡም፣ እኔም አላነሣሁም። ጎጆአቸው አስገብተው አልጋ ላይ ወደተቀመጡት ባለቤታቸው ዞሩና፣ እኔም እንድሰማ በአማርኛ፣ “ያ በኔ ላይ ያልፈረመው ልጅ ይሄ ነው” አሏቸው። ሴትዮዋ ሁለቱን እጆቼን ያዙና ለብዙ ጊዜ ሳይለቁኝ ቆዩ።

ሰዎች ደፋር ነበርክ ይሉኛል። አልነበርኩም፤ ያን ጠዋት ብዕሩን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። በዚያ የእስር ግቢ ከሃዲም፣ ሽፍታም፣ ሌላም ብዙ ስም አውጥተውልኛል። ዛሬ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት በዚያች ጎጆ የተጠራሁበትን ስም ነው።