ለማሙሽ የመረጥነው ካፖርት

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እናቴ ሰው ሲጠይቃት "አሥራ ሁለት ልትደፍን ነው" ትል ነበር፤ ሥራ ልታዘኝ ስትፈልግ ደግሞ አሥራ ሦስትም ታደርሰኝ ነበር።

ነገሩን ያስታወሰኝ ባለፈው ሐምሌ ከጳውሎስ ሆስፒታል ስመለስ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ ነው። ዝናብ መትቶት የለበሰው የሱፍ ካፖርት ውሃ ጠጥቷል። መስኮቱ ዝግ ነው። ሽታው ታክሲውን ሞላው። የረጠበ ሱፍ ሽታ ታውቁት እንደሆነ እንጃ፤ የበግ ነው እንዳትሉ ጭስ ጭስ ይላል፣ የጭስ ነው እንዳትሉ በግ በግ ይላል። ሰዉ ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። እኔ መውረጃዬን አልፌ እስከ መጨረሻው ሄድኩ።

አባቴ ሸማኔ ነበር። ከጋሞ በልጅነቱ መጥቶ ሽሮ ሜዳ የሰፈረ፣ ዝምተኛ ሰው። ቤታችን አንድ ክፍል ነበረች፤ ብርሃን እንዲያገኝ የሽመና ዕቃውን በሩ አጠገብ ተክሎ፣ እኛ በቀረችው ቦታ ተጣበን እንኖር ነበር። የመወርወሪያው ድምፅ ሲያቆም ነበር የምንደነግጠው።

የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ፣ ከላይ ቁስቋም አካባቢ ብቻዋን ትኖር ነበር። ጥጥ ፈታይ ናት። እሷ የፈተለችው ክር አይበጠስም ይባል ነበር። ሸማኔዎቹ በቡሉኮ ዋጋ ሲጨቃጨቁ እሷን ያስጠሯታል። ቡሉኮ መቼም ታውቃላችሁ፣ ያ የብርድ ጊዜ ወፍራም ልብስ። በሁለት እጇ ታነሳውና ዓይኗን ጨፍና ትመዝነዋለች። ከከበደ ይሞቃል፤ ከቀለለ ጥጥ ተሰርቆበታል። በቃ። እሷ ከተናገረች በኋላ የሚከራከር አልነበረም። በኛ ቤትም የከበደ ይሞቃል ማለት እሳት ያቃጥላል እንደማለት ነበር።

ትንሹ ወንድሜ ያን ጊዜ ዓመት ከመንፈቁ ነው። ማሙሽ ነበር የምንለው። መሄድ የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው፤ ሦስት እርምጃ ይሄድና ራሱ ደንግጦ ይቀመጣል። ከእሱ በፊት የተወለደውን ወንድሜን አንድ ክረምት ሳል ጀመረው፣ በሳምንቱ አጣነው። ማሙሽም በጨቅላነቱ ደረቱን ታሞ ለጥቂት ነበር የተረፈው። ስለዚህ ሰኔ ገብቶ ደመናው እንጦጦ ላይ መተኛት ሲጀምር፣ እናቴ ዓይኗን ከልጁ ደረት ላይ አታነሳም ነበር። እህል ስትለቅም እንኳ ቆም ብላ አተነፋፈሱን ታዳምጣለች።

ጤና ጣቢያ ስንወስደው ነርሷ እንዲህ አለቻት፦ "ጋቢው ጥሩ ነው እህቴ፣ ግን ልጁ መሄድ ጀምሯል። እሱ ሲሄድ ጋቢው ወደ ኋላ ይቀራል። እጅጌ ያለው፣ ከፊት የሚቆለፍ፣ ሙቅ ነገር ፈልጊለት። ይህን ክረምት ካለፈ ይጠነክራል።"

እናቴ ቤት ገብታ ለአባቴ ስትነግረውና ከልባሽ ተራ እንግዛለት ስትለው መወርወሪያውን አስቀመጠ።

"ሰው የማለብስ እኔ፣ ልጄ ፈረንጅ የጣለውን ልባሽ ይልበስ?"

"ፈረንጅ ይጣለው፣ ማንም ይጣለው፤ ልጁ ይትረፍልኝ።"

አባቴ መወርወሪያውን አንስቶ ከወትሮው ፈጥኖ መሸመን ጀመረ። እሺ ማለቱ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት አክስቴ ማንም ሳይጠራት ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። "እኔ ያላየሁት ጨርቅ እዚህ ቤት አይገባም" አለች። እኔ ማሙሽን አዘልኩ፣ ከእናቴ ጋር ሦስታችን በእግራችን ወደ አዲሱ ገበያ ሄድን።

ልባሹ ሸራ ላይ ተቆልሎ፣ ሴቱ በዙሪያው ተንበርክኮ ይፈትሽ ነበር። ያ የታመቀ የመጋዘን ሽታ አለው። ሻጩ ቀጭን፣ ረጅም፣ አፉ የማይደክም ወጣት ነው። "ኑ እናቶች! ባሕር ተሻግሮ የመጣ! ክረምቱን እዚሁ ጥላችሁት ሂዱ!" ይላል። አክስቴ አንዱን ታነሳለች፣ ክሩን ትስባለች፣ በጣቷ ታሻለች፣ አፏን አስጠግታ እፍ ትልበታለች፣ ከዚያ ትጥለዋለች።

"እማማ፣ ልብስ ነው ወይስ በግ ነው የሚገዙት?" አላት።

"በግ ብፈልግ አንተ ዘንድ አልመጣም፤ ሥጋ የለህ።"

ሴቶቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ።

በመጨረሻ ሁለት ቀሩ። አንደኛው ግራጫ የሱፍ ካፖርት ነው፤ ኮሌታው ሰፊ፣ ቁልፉ ሁለት ረድፍ፣ የትንሽ ጄኔራል ልብስ የሚመስል። ሁለተኛው ሰማያዊ ጃኬት፤ ላይ ላዩ ላስቲክ መሳይ፣ ውስጡ እንደ ትራስ የተነፋ፣ ኮፍያ ያለው። እኔ ቀስ ብዬ እጄን በሰማያዊው እጅጌ ውስጥ ሰደድኩ። ጠዋት ነው፣ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ትንሽ ቆይቶ ሞቀኝ።

"አክስቴ፣ ይሄኛው ይሞቃል" አልኳት።

ተቀብላኝ በአንድ ጣቷ አንጠለጠለችው። "ይሄ? ይሄኮ ድር የለው፣ ማግ የለው። ነፋስ ሰፍተው ነው የላኩት።"

"እማማ፣ እሱ እኮ ዝናብ አያስገባም" አለ ሻጩ።

"ዝናብ የማያስገባ ብፈልግ ቆርቆሮ እገዛ ነበር።"

ግራጫውን በሁለት እጇ አነሳች። ዓይኗን ጨፈነች። ፊቷ በራ። እናቴ አንዴ ሰማያዊውን፣ አንዴ የአክስቴን ፊት አየች። ነርሷ ያለቻትን በልቧ ስትደግም ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ "እትዬ፣ እርስዎ ያሉት ይሁን" አለች።

ቤት ገብተን ስናለብሰው ማሙሽ ሁለት እጁ ወደ ጎን ተዘርግቶ ቀረ፤ አልታጠፍ አለው። አንድ እርምጃ ሄዶ በፊቱ ተደፋ፣ መነሳት ግን አልቻለም፤ ከበሮ ይመስል ወዲያ ወዲህ ይላል። እስኪያስለቅሰን ሳቅን። አባቴም ሳቀ። ከዚያ እንደ ቀልድ አስመስሎ የካፖርቱን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰና "ሸማኔው ሰው ነው" አለ። አክስቴ ይህን ስትሰማ ቁመቷ የጨመረ መሰለኝ።

እውነቱን ለመናገር ደረቅ ሲሆን ይሞቅ ነበር። ሰኔ በደህና አለፈ። ልጁም ክብደቱን ለመደው፤ እንደ ሽማግሌ ቀስ እያለ መሄድ ቻለ።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን "ስኳር ገብቷል" ተባለ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ስኳርም ሳሙናም በቀበሌ ሱቅ፣ በሰልፍ ነበር የሚገኘው፤ ሰልፉን የለቀቀ እስከሚቀጥለው ወር ይጠብቃል። እናቴ ለቅሶ ሄዳለች፤ አባቴ የሸማኔዎች ማኅበር ስብሰባ ተጠርቷል። ካርዱን ይዤ፣ ማሙሽን ካፖርቱን አልብሼ አዝዬ ወጣሁ።

ከፊቴ ሰባት ሰው ሲቀር ዝናቡ መጣ። የጉለሌን የሐምሌ ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከእንጦጦ ሲወርድ በረዶ ቀላቅሎ ነው። ሰዉ ተራውን እንዲጠብቅለት ዕቃውን፣ ድንጋዩን በቦታው እያስቀመጠ ወደ ጥጉ ሮጠ። እኔ የማስቀምጠው አልያዝኩም። ቦታዬን እንዳልቀማ ብዬ ቆምኩ። ማሙሽ መጀመሪያ አለቀሰ፣ ከዚያ ዝም አለ። ጀርባዬ ላይ እየከበደኝ እየከበደኝ መጣ። እንቅልፍ ወስዶታል አልኩ። ደግሞም ከከበደ ይሞቃል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እንዲህ ነው ያሰብኩት፤ ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

ስኳሩን ይዤ ቤት ገብቼ ሳወርደው ከሁለቱ እጅጌዎች ውሃ ተንዠቀዠቀ። ከንፈሩ ጠቁሯል።

በማግስቱ ጎኑ ገባ ወጣ እያለ መተንፈስ አቃተው። ሐኪም ቤት አስተኙት፤ እናቴም አብራው ገባች። ካፖርቱ ቤት ውስጥ ከጣሪያው ወራጅ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ፀሐይ የለ፤ አንድ ቀን አልደረቀም፣ ሁለት ቀን አልደረቀም። ሽታው ቤቱን ያዘው። አባቴ ከሥሩ ተቀምጦ ይሸምናል፤ ክሩ በየደቂቃው ይበጠስበታል። ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በአምስተኛው ቀን አክስቴ መጣች። ካፖርቱ ሥር ቆማ የአንዱን እጅጌ ጫፍ ጨመቀችው። ያን ሁሉ ቀን ቆይቶ አሁንም ውሃ ጠብ አለ። እጇን አየችው።

ማልቀስ ጀመርኩ። "እኔ ነኝ አክስቴ፣ ሰልፉን ትቼ መጠለል ነበረብኝ።"

"ዝም በይ" አለች። "አንቺ በእጅሽ አይተሽ ነግረሽኝ ነበር።"

ወራጁ ላይ ያለውን ካፖርት ዳግም ቀና ብላ አላየችውም።

ማሙሽ በዘጠነኛው ቀን ወጣ። አንገቱ ቀጥኖ፣ መሄዱንም ረስቶት። ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ይህን ስነግረው "አታካብጂ" ብሎ ይስቅብኛል። አክስቴ ካረፈች ቆየች፤ እሱ ስለ እሷ የሚያስታውሰው ቂጣ ቆርሳ ስትሰጠው ብቻ ነው።

ያኔ እናቴ የቀረውን ክረምት ምን እንደምታለብሰው ግራ ገብቷት ስትቆዝም፣ አክስቴ "ስጪኝ" አለችና ጎንበስ ብላ ጀርባዋን ሰጠቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ከቁስቋም በዚያ ጭቃ ትወርድ ነበር። ልጁን ጀርባዋ ላይ፣ ከራሷ ቀሚስ ጋር አጣብቃ ታዝለዋለች፤ ከላይ ጋቢዋን ትደርባለች። ከዚያ እቤታችን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል ትውላለች። ጉልበቷን ያማት ስለነበር ግድግዳውን እየተደገፈች ነው። በዚያ ክረምት አልፈተለችም። ሸማኔዎቹ ልብስ ይዘው ሲመጡ፣ እጄን ከልጁ አላነሳም፣ ሌላ ሰው ጥሩ ትላቸው ነበር።

መስከረም ላይ ፀሐይ ወጣች። አክስቴ ማሙሽን ደጅ ይዛው ወጣች፤ ከጀርባዋ አውርዳ ሣሩ ላይ አቆመችው። ሦስት እርምጃ ሄደ፣ አራተኛውንም ጨመረ። እሷ ጋቢዋን አጥፋ ቤቷ ሄደችና ሁለት ቀን ተኛች።