«ልጄ» በሚባልበት ቦታ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ የደርግ ዘመን የወዛደር ቤተሰብ ቲያትር እንደገና መድረክ ላይ ለማውጣት ሲታሰብ፣ እኔን የጠሩኝ ለችሎታዬ አልነበረም። የልብስ ስፌት ሱቅ ስላለኝ ነው። አዘጋጁ በወጣትነታቸው የቀበሌ ኪነት ቡድን የመሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። አልባሳት ሊያሰፉ መጥተው ሳሉ፣ እናት ሆና የምትጫወተው ሴት አግብታ ወደ ቡሬ መሄዷን ነገሩኝና ቦታውን ለእኔ ሰጡኝ።

«አንች ፊትሽ አይለዋወጥም፤ ለሐዘን ይሆናል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ ድምፁ ከጠፋ ወዲህ ውስጤም አይለዋወጥም። አላዝንም፣ አልደሰትም፤ እሰፋለሁ። እናቴ ደግሞ ቤታችን ውስጥ ለቅሶ ከልክላለች። መርዶ ያልመጣለትን ሰው ማልቀስ ሟርት ነው ትላለች። ጎረቤት ስለ እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲጀምር ወሬ ትቀይራለች፤ ጋቢውን በየክረምቱ መውጫ አጥባ ታሰጣለች። ይህ ነገር አድክሞኝ ነበር። አለ ወይም የለም፣ አንዱን ብትለኝ እገላገል ነበር።

ቲያትሩ ውስጥ ልጄን የፋብሪካ ማሽን ይገድለዋል። መርዶ ነጋሪዎች ይመጣሉ፣ እኔ ወለሉ ላይ ወድቄ «ልጄ፣ ልጄ» እላለሁ። በልምምድ ጊዜ አብረውኝ የሚጫወቱትን ወጣቶች «ወዛደር» የሚለው ቃል ያስቃቸዋል፣ መምህር ይቆጣሉ። እኔ ቃሌን ሳልስት እወድቃለሁ፣ ተነሥቼ አቧራዬን አራግፌ ወደ ሱቄ እመለሳለሁ።

የቲያትሩ ዕለት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እናቴ ከሰፈራችን ሴቶች ጋር መጥታ ፊት ተቀመጠች። አትምጪ አላልኳትም፤ ማሰቡም ታክቶኝ ነበር።

መርዶ ነጋሪዎቹ ገብተው ተናገሩ። ወደቅሁ። ከአፌ የወጣው ግን «ወንድሜ» የሚል ነው። አንዴ ብቻ ቢሆን ያልፍ ነበር። ደገምኩት። ከመጋረጃው ጀርባ መምህር «ልጄ በይ፣ ልጄ» ይሉኛል፤ እሰማቸዋለሁ፣ ቃሉ ግን አልመጣልኝ አለ። አብረውኝ ያሉት ተዋንያን ወደ መጋረጃው ያያሉ። ያኔም አላለቀስኩም። ዓይኔ ደረቅ ነው፤ የሚሰማኝ ጉልበቴን የቆረቆረኝ ሳንቃ ብቻ ነበር።

እናቴ ከወንበሯ ተነሣች። ሟርተኛ ብላኝ የምትወጣ መሰለኝ። እሷ ግን ነጠላዋን አወረደችና አዘቅዝቃ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው ለብሳ ተመልሳ ተቀመጠች። ሴቶቹ አይተዋት የየራሳቸውን አዘቀዘቁ። ቲያትሩ እንዴት እንደቀጠለ አላስታውስም፤ ሲጨበጨብ ነው ማለቁን ያወቅሁት።

ስወጣ እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«ቃል ተሳስቼ ነው» አልኳት። «መርዶ እኮ አልመጣም።»

«የሚነግረኝ ሰው ነበር የጠበቅሁት» አለችኝ። «ይኸው አንች አረዳሽኝ። በይ እንሂድ፤ ለቀስተኛ ሳይቀድመን ቤቱን እንጥረግ።»