ያልታሰረው እንግጫ

በእንቁጣጣሽ ቤቴ የሚመጣ ሰው ባዶውን ጠረጴዛ ያይና «አደይ የለም እንዴ?» ይላል። አደይ የገብስ ማሳ አረም ናት እለዋለሁ። ገበሬው እየተራገመ ይነቅላታል፤ ከተሜው ተስፋ ይላታል። ቆርጠው ውኃ ውስጥ ቢያቆሟት በሦስተኛው ቀን ረግፋ ጠረጴዛ ታስጠርጋለች። እንግዳው ይስቃል፤ ነገረኛ ነው ብሎ ይተወኛል። ነገረኛ መሆኔስ እውነት ነው።

የድንበሩ ጦርነት ባለቀ ሰሞን ዳባት አስተምር ነበር። የዘመተው ታናሽ ወንድሜ ድምፁ ጠፍቷል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ተመላሽ ወታደር ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሲያልፍ ከመኪና ወርዶ የተከራየሁበት ቤት ድረስ መጣ። «እኔ ነኝ የቀበርኩት» አለኝ። ሻይ አልጠጣም ብሎ ሄደ።

እናቴ ወደምትኖርበት ደባርቅ ሄጄ ለንስሐ አባቷና ለሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ነገርኩ። በአገራችን መርዶ በበዓል ዋዜማ አይነገርም። «እንቁጣጣሹን ትዋልበት፣ መስቀሉንም ትዋልበት፤ ከዚያ በማለዳ መጥተን እናረዳታለን» አሉ አባ። መርዶ መደበቅ ሰውን እንደ ሕፃን ማታለል ነው እያልኩ በየሻይ ቤቱ ስከራከር የኖርኩት እኔ፣ «እርስዎ እንዳሉ» አልኩ። ቀለለኝ። ያ መቅለል እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በዋዜማው ጠዋት እናቴ ጤዛው ሳይደርቅ አደይ ልትቆርጥ ማጭድ ይዛ ወጣች። ተከተልኳት። እሷ ገና በደንብ ያልፈኩትን እየመረጠች ከታች ትቆርጣለች፤ እኔ ያገኘሁትን እቀጥፋለሁ።

«ምነው አንገቱን ቀነጠስከው?»

«አበባው እዚያ ነዋ!»

«ያንተ እጅ ከጠመኔ በቀር ምን ያውቃል። ወንድምህ ይምጣ ብቻ፣ ያሳይሃል።»

ቤት ገብታ የታችኛውን ቅጠል መለመለች፤ ውኃ ውስጥ ከገባ ይሸታል። የእርዳታ ዘይት የመጣበትን ቆርቆሮ አጥባ፣ ረጃጅሙን ከኋላ፣ አጫጭሩን ከፊት አድርጋ፣ መሀል መሀሉን ማገጥ የሚባለውን የሜዳ አበባ ጣል አድርጋበት ከወንድሜ ፎቶግራፍ አጠገብ አስቀመጠችው። «ፊቱን እንዳይሸፍነው» ብላ ጥቂት አዞረችው። ቆርቆሮውን የያዝኩላት እኔ ነኝ።

በእንቁጣጣሽ ጠዋት ልጃገረዶች እንግጫ የሚባለውን ሣር ከአደይ ጋር ጎንጉነው በየቤቱ ምሰሶ ላይ ያስራሉ። እናቴ ሴት ልጅ ስላልነበራት የጎረቤት ልጆች ያስሩላት ነበር፤ አንድም ዓመት ቀርተው አያውቁም። ዳቦ ቆርሳ በር ላይ ተቀመጠች። ዘፈናቸው ከታችኛው ጎረቤት ተሰማ። ቀጥሎ ከላይኛው ተሰማ።

«አለፉን እንዴ?»

«ይመለሳሉ» አልኩ።

አልጠበቀችም። አጥሩ ጋ ወጥታ የመጨረሻዋን ልጅ ጠራቻት። «አንቺ! የኔን ምሰሶ ረሳችሁት?»

ልጅቷ ጉንጉኑን ከኋላዋ ደበቀች። «እትዬ፣ እናቴ እዚያ ቤት እንዳትገቡ ብላናለች።»

«ምን አደረግሁ ብላ?»

ልጅቷ መጀመሪያ መሬቱን፣ ቀጥሎ እኔን አየች። ሮጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽማግሌዎቹ ለሚስቶቻቸው ብቻ ነግረዋል፤ ሚስቶቻቸው ሐዘን ባለበት ቤት እንግጫ አይታሰርም ብለው ልጆቻቸውን ከልክለዋል። ማንም ክፉ አላሰበም። ሁሉም ወጉን ጠበቀ።

እናቴ ገብታ ዳቦውን ከደነችው። ፎቶግራፉን ብዙ አየችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ከነሐሴ።»

«ትናንት አብረኸኝ ስትቆርጥም?»

ቆርቆሮውን ላነሳው ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተወው፤ ይታይ። የሰው እንቁጣጣሽ በኔ ጩኸት አይበላሽም።»

እስከ መስቀል አንዲት እንባ አላየሁባትም፤ እኔንም አላናገረችኝም። ጎረቤት ሲገባ ትስቃለች፣ ጎረቤት ሲወጣ ግድግዳውን ታያለች። ከመስቀል በኋላ ሽማግሌዎቹ በማለዳ መጡ። ዛሬ ገና እንደሰማች ሆና ጮኸች፤ ወይም ያን ሁሉ ቀን ያመቀችውን ነው የጮኸችው፣ መለየት አልቻልኩም። አባ ወደ ጥግ ወስደው፣ «አየህ፣ ቢያንስ በዓሉን ዋለችበት» አሉኝ።

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። ከጀርባቸው ቆርቆሮው ውስጥ አገዳው ብቻ ቆሟል፤ ውኃው ሸቷል።